የቅዳሜ ቅጣት

ጋሽ ጠመኔ ጠዋት ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ይህም የሚሆነው በአንዲት ጠባብ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን እያሹ ነው። ሹራባቸውን ያወልቁና ክርኑ ላይ የተጣፈውን ጥቁር ካፖርት ይደርባሉ። የእጅ ሰዓታቸውንና ስልካቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፋሉ። በመጨረሻ የማይቀረው ጣጣ ይመጣል፤ ጫማው። ጫማው በድሮ አሠራር የተሰፋ ነው፤ የሰፋው ሰው ግን የድሮ ሰዎች የእግር ጣት አልነበራቸውም ብሎ ያመነ ይመስላል። ስለዚህ ጋሽ ጠመኔ ግራ ቀኝ ያዩና ሐኪም ያዘዘላቸውን ለስላሳ ሶል ውስጡ ሸጎጥ ያደርጋሉ። ሶሉ የዚህ ዘመን ዕቃ ስለሆነ በደንቡ መሠረት ክልክል ነው።

የሥራ ቦታቸው ሙዚየም ነው። ሙዚየም ሲባል ዕቃው በመስታወት ሣጥን ተቆልፎ «አትንኩ» የሚባልበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። እዚህ ሁሉም ይነካል። አንድ ትንሽ የድሮ መንደር እንዳለ ተሠርቶ የብረት ቀጥቃጭ ቤት፣ የሻማ ሠሪ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳና አንድ ክፍል ብቻ ያላት ትምህርት ቤት ቆመውበታል። ሠራተኞቹ የድሮ ልብስ ለብሰው የድሮ ሰው ሆነው ይውላሉ። ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ይመጡና ወናፍ ይነፋሉ፣ ክር ሰም ውስጥ እየነከሩ ሻማ ይሠራሉ፣ ሊጥ ያሻሉ፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ደግሞ በቀለምና በብዕር ይጽፋሉ። ይጽፋሉ መባሉ ለክብራቸው ነው እንጂ ይደፋሉ ነው የሚባለው።

የቦታው ትልቁ ደንብ «ከዘመን አትውጡ» የሚል ነው። ልጆች ፊት ማንም ሠራተኛ ስለ ዛሬው ዓለም አውቃለሁ ማለት የለበትም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ድሮ የታክሲ ሹፌር የነበረ ሰው፣ አንድ ቀን የጋለ ብረት እጁን ሲለበልበው «አምቡላንስ ጥሩ!» ብሎ ጮኸና ኃላፊዋ እጁ በፋሻ ከተጠቀለለ በኋላ ጠርታ ወቀሰችው። «ወጌሻ ጥሩ ነው የሚባለው» አለችው። እሱም ከዚያ ወዲህ በተለበለበ ቁጥር ዝም ነው።

ጋሽ ጠመኔ የመንደሩ መምህር ናቸው። እውነተኛ መምህርም ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ቤት በዋሉ በጥቂት ወራት ባለቤታቸው እጅ ሰጡ። «ከክፍል ክፍል እየዞርክ መብራት አታጥፋብኝ። ሂድና የምትቆጣው ልጅ ፈልግ» አሏቸው። ሄደው ፈለጉ፣ አገኙም። ከኪሳቸው ጠመኔ ስለማይጠፋ ስሙን ያወጣላቸው ያው ብረት ቀጥቃጩ ነው። መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፤ በኋላ በራሳቸው ስም የሚጠራቸው ሰው ሲመጣ ማንን ነው ማለት ጀመሩ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደስ ይሉ ነበር። አሁን ግን ነገር ዓለሙ ታክቷቸዋል። በቀን ብዙ ጊዜ ያው ትምህርት፣ ያው ቀልድ፣ ያው ቁጣ። ልጆቹ ይለዋወጣሉ፤ እሳቸው ያው ናቸው። ማታ እግራቸውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ሲቀመጡ ባለቤታቸው እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዛሬ ጠዋትም ከቤት ሲወጡ በር ላይ አስቁመው «ዛሬ ንገራቸው። በቃኝ በላቸው። እኔ ከእግርህ ጋር አይደለም የተጋባሁት፣ ግን የማስታምመው እሱን ሆኗል» ብለዋቸዋል። ጋሽ ጠመኔም እነግራቸዋለሁ ብለው፣ ከልባቸው ቆርጠው ነው የወጡት።

አሁን ስለ ካርዶቹ ልንገራችሁ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤቷ ሲገቡ አስጎብኚዋ በር ላይ ቆማ ለእያንዳንዳቸው በክር የታሰረች ካርድ አንገታቸው ላይ ታጠልቃለች። ካርዷ ላይ ያ ልጅ ለዚያ ሰዓት ማን እንደሚሆን ተጽፏል። አንዱ የዳኛው ልጅ ነው፣ አንዷ ከሩቅ በእግሯ የምትመጣ ናት፣ አንዱ ሁልጊዜ አርፋጅ ነው። ከሁሉም መካከል አንዲት ካርድ አለች፤ «ሰነፍ ተማሪ። መምህሩ ሲጠይቁህ ተሳስተህ አንብብ» የምትል። ያቺ ካርድ የደረሰችው ልጅ ተሳስቶ ያነብና ጥግ ላይ ወዳለው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይላካል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። በርጩማው የሰነፍ ወንበር ይባላል። ልጆች ከጉብኝቱ ሁሉ የሚወዱት ይህን ነው፤ መምህራኖቻቸውም ፎቶ ለማንሳት የሚሽቀዳደሙት እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ ሰነፍ ሆኖ የሚጫወት ልጅ ከየት ይገኛል? አንዳንዱ ኩራት ይዞት አንድም ሳይሳሳት ያነበንብና ቁጭ ይላል። አንዳንዱ ገና ሳይጀምር ሳቁ ያፍነዋል። ጋሽ ጠመኔ ደህና አድርጎ የሚሳሳት ልጅ ካዩ ስንት ጊዜያቸው።

የዚያን ቀን ሁለት ትምህርት ቤቶች መጥተው ሄደዋል። ሦስተኛው አውቶቡስ ሲደርስ ጋሽ ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ቆመው ነበር፤ መቀመጥ ፈርተው ነው፣ ከተቀመጡ የሚነሱ አልመሰላቸውም። አምስተኛ ክፍሎች ነበሩ። ገቡ ሳይሆን ተደፉ ቢባል ይቀላል። መምህርታቸው አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ ከበር ላይ ሆና የልጆቹን ራስ ስትቆጥር ትሳሳታለች፣ እንደገና ትቆጥራለች፤ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ጋሽ ጠመኔ ገና ሲያዩዋት አዘኑላት።

«ዝም በሉ!» አሉ በካፖርቱ ድምፅ። የካፖርት ድምፅ የሚሉት ሲለብሱት ብቻ የሚመጣላቸውን ቁጣ ነው። ልጆቹ ዝም አሉ።

በወጉ ቢሆን እዚህ ላይ ረዘም ያለ ሥርዓት አለ። ሰሌዳው ላይ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተጽፈዋል፤ ዝናብ ዘነበ፣ ወንዙ ሞላ፣ ድልድዩ ተሰበረ፣ ልጆቹ ማዶ ቀሩ። መጀመሪያ ጎበዙ ተማሪ ያነባል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል፣ ሰነፉ የሚጠራው በመጨረሻ ነው። ጋሽ ጠመኔ ግን እግራቸው እሳት ሆኖባቸዋል። ማን ያውቃል ብለው ጎበዙንም ክፍሉንም ዘለሉና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሄዱ። ለእግራቸው የሰረቋት ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አትበልጥም።

«የሰነፉ ካርድ ማን ጋ ነው?»

ክፍሉ ገና ከአሁኑ ተንጫጫ። «ቲያትር! ቲያትር ጋ ነው!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ፤ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ጥርሷ መሃል ክፍተት ያላት ልጅ እየተገፋች ተነሳች። ቲያትር የሚሉት እሷን ነው። እንደ ንግሥት እጇን እያውለበለበች ወደ ፊት መጣች። ካርዷን ራሷ እንዳላነበበችው፣ ጓደኛዋ በጆሮዋ እንዳነበበችላት ጋሽ ጠመኔ አይተዋል፤ ልብ ግን አላሉትም። ልጆች እንዲህ ናቸው ብለው አለፉት።

«አንብቢ» አሏት የሰሌዳ መጠቆሚያውን እያነሱ።

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዶሮዋ ሱሪ ለበሰች» አለች።

ክፍሉ ፈረሰ። ጋሽ ጠመኔ በደንቡ መሳቅ የለባቸውም፤ የድሮ መምህር አይስቅም ተብሎ ተወስኗል። ከንፈራቸውን ነክሰው መጠቆሚያውን ወደ ሁለተኛው መስመር አወረዱ።

«ሱሪው ጠበባት።»

«ቀጥዪ!»

«አውልቃ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠችው።»

እሰይ አሉ በልባቸው። በመጨረሻ አንድ ተዋናይ መጣልኝ! ድካማቸው ለቅጽበት ብን ብሎ ጠፋ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ ዝም ብሎ ማሳለፍ ነውር መሰላቸው፤ ጨዋታውን ሊያጣፍጡት ፈለጉ። ስለዚህ ፊታቸውን አኮሳትረው «ደግ! አሁን ደግሞ ቀልዱን ትተሽ በትክክል አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው!» አሉና መጠቆሚያውን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፉ።

ልጅቷ ዝም አለች።

ጋሽ ጠመኔ ጠበቁ። ያስተማረ ሰው ሁሉ ሳያውቀው እንደሚያደርገው፣ የመጀመሪያውን ፊደል ቅርጽ በአፋቸው ሠሩላት። ጥርሳቸውን ገጠም፣ ከንፈራቸውን ከፈት አደረጉ።

«ዝ...» አለች ልጅቷ። «ዝ... ዝሆን!»

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ከኋላ ያለ አንድ ልጅ ከወንበሩ ወደቀ። መምህርታቸውም ስልኳን አውጥታ እየቀረጸች፣ ቀይ ዓይኗን እየጠረገች ትስቃለች። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ልጅቷና ጋሽ ጠመኔ።

ለቀልድ ብሎ የሚሳሳት ልጅ መጀመሪያ ፊደሉን ያያል፤ አይቶ ነው የሚያበላሸው። ይቺ ልጅ ግን ሰሌዳውን አንዴም ቀና ብላ አላየችውም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የምታየው የእሳቸውን አፍ ነበር። ካርዱን ጓደኛዋ ለምን እንዳነበበችላትም አሁን ገባቸው። ይቺ ልጅ አምስተኛ ክፍል የደረሰችው ክፍሉን እያሳቀች፣ የሰው አፍ እያየች፣ የሰማችውን በቃሏ እየያዘች ነው። ክፍሉ አስቀድሞ በአንድ ድምፅ አንብቦት ቢሆን ኖሮ ዛሬም በቃሏ ትወጣው ነበር። ያንን የነፈጓት እሳቸው ናቸው፤ ለእግራቸው ብለው።

«ወንበር! ወንበር! ወንበር!» ይላል ክፍሉ ጠረጴዛ እየደበደበ።

ጋሽ ጠመኔ መጠቆሚያውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። አይ፣ ዛሬስ ወንበሩ ይቅር ቢሉ ሁሉም ለምን ብሎ ይጠይቃል። ለምን ብሎ ከጠየቀ ደግሞ አንዱ ብልጥ ልጅ ይነቃል። የሚያድናት ያው ቀልዱ ብቻ ነው። የካፖርቱን ድምፅ አወጡ፤ «ወደ ሰነፍ ወንበር!»

ልጅቷ ወደ ክፍሉ ዞራ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። ከዚያ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ከክፍሉ ወገን የሚታየው የሹሩባዋ ጫፍ ብቻ ነው። ጋሽ ጠመኔ ከቆሙበት ግን ጉንጯ ይታያቸዋል፤ ሳቋ ግድግዳው ጋ ሲደርስ እንዴት እንደጠፋ አዩ።

ሌሎቹ ልጆች በብዕርና በቀለም መጻፍ ሲጀምሩ፣ ማለትም መድፋት ሲጀምሩ፣ ጋሽ ጠመኔ ጠመኔ እንደወደቀበት ሰው ጥጉ ጋ ሄደው አጎነበሱ። ጉልበታቸው ተንቋቋ።

«ፊደሎቹን አታውቂያቸውም አይደል?» አሏት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።» ከግድግዳው ዓይኗን አልነቀለችም። ቆይታ ደግሞ «አንዳንዱን» አለች። «ሲሰለፉ ነው የሚምታቱብኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም። በናትዎ ጋሼ፣ ለቲቸር እንዳይነግሯት። ወደ ታች ክፍል ይመልሱኛል። ከጓደኛዬ ይለዩኛል።»

«አልነግርም» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ምን እንደማሉ የገባቸው። አሁን ማስተባበል የለም። ጠመኔ ሳይኖር ጠመኔ ያነሱ መስለው ቀና አሉ።

ጉብኝቱ የሚዘጋው በአንዲት የቆየች ቀልድ ነው። ጋሽ ጠመኔ በር ላይ ይቆሙና ሰነፉን ልጅ በጣታቸው እየጠቆሙ «አንተ! ቅጣት አለብህ! ቅዳሜ ጠዋት ብቻህን ትመጣለህ!» ይላሉ፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ። እስከ ዛሬ የመጣ ልጅ የለም፤ ይመጣልም ተብሎ አይደለም የሚባለው። ቅዳሜ መንደሩ ክፍት የሚሆነው ለቤተሰብ ነው እንጂ ትምህርት ቤቷ ዝግ ናት።

ጋሽ ጠመኔ ቀልዷን አሏት። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጅቷም ጥርሷን አሳየች። በበሩ ስታልፍ ግን ጎንበስ ብለው ያለ ካፖርቱ ድምፅ «እኔ የምሬን ነው» አሏት። ዞር ብላ አላየቻቸውም።

ቃል ገብተዋል፤ ሆኖም አላስቻላቸውም። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ በዚያ ጫማ እያነከሱ ተከትለው ሄዱ። መምህርቷ በር ላይ ቆማ እንደገና ራስ ትቆጥራለች።

«ይቺ... ቲያትር የምትሏት ልጅ» ብለው ጀመሩ።

«ውይ ጋሼ፣ አስቸገረችዎት? እሷ እኮ እንዲሁ ናት፤ ሁሉ ነገር ለእሷ ቀልድ ነው! ያለ እሷማ ይሄን ዓመት አልጨርሰውም ነበር» አለች መምህርቷ፤ ስትናገርም ከልቧ እንደምትወዳት ያስታውቃል።

ጋሽ ጠመኔ ቀና ሲሉ ልጅቷ በመስኮቱ እያየቻቸው ነው። የሚለምን ሰው ዓይን ያውቃሉ፤ ይህ ግን የሚለምን ዓይን አልነበረም፣ አስቀድሞ የተከዳ ዓይን ነው።

«ጎበዝ ልጅ ናት ልልሽ ነው» አሉ። አውቶቡሱ ሄደ። የተናገሩት ውሸት አልነበረም፤ ሊናገሩ የመጡት ግን እሱን አልነበረም። አቧራው መሃል ቆመው በራሳቸው አፈሩ። ብረት ቀጥቃጩ ከቤቱ ደጃፍ «ጋሽ ጠመኔ! ከዘመን ወጥተዋል፣ አውቶቡስ አጠገብ ቆመው!» ብሎ ቀለደባቸው።

ማታ እግራቸው ውኃው ውስጥ እንዳለ ባለቤታቸው «ነገርካቸው?» አሉ።

«ምኑን?»

«ምኑን ይለኛል እንዴ! በቃኝ ማለቱን ነዋ!»

ረስተውታል። ጭራሽ ከሐሳባቸው ወጥቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ባለቤታቸው ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆሙት ነበር፤ የሰውዬውን ፊት ሲያዩ ግን ፎጣውን ይዘው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ጋሽ ጠመኔም ሁሉንም ነገሯቸው፤ ዶሮዋንም፣ ዝሆኑንም፣ ግድግዳውንም።

«አልነግርም ብለህ ምለህላት አልነበር?» አሉ ባለቤታቸው።

«ለሚስት የተነገረ እንደተነገረ ይቆጠራል እንዴ?»

«አይቆጠርም» አሉ ባለቤታቸው፤ የጋሽ ጠመኔንም እግር ማድረቅ ጀመሩ። ቆየት ብለው ግን «ትመጣ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁ።

ቅዳሜ ጋሽ ጠመኔ ሄዱ። ኃላፊዋን ቁልፍ ለምነው ትምህርት ቤቷን ከፈቱ። ካፖርቱን ለብሰው፣ ያንን ጫማ ተጫምተው፣ ባዶ ወንበሮች ፊት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ። የመጣ የለም። አንድ አባት ልጁን አንጠልጥሎ ብቅ አለና ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ደክሟቸው ስለነበር ዘመኑን ረስተው አሳዩት። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄዱ፣ የመጣ የለም። ማታ ማታ ጋሽ ጠመኔ ከራሳቸው ጋር ይሟገታሉ። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ነው የቀረችው። ወይም ቀልድ እንዳልሆነ ገብቷት ነው የቀረችው። ለመምህርቷ ነግረው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አንድ ሰው ይዟት ነበር። ወደ አውቶቡሱ ባይሄዱ ደግሞ ታምናቸው ነበር። በየቱ እንደበደሏት እንኳን መለየት አቃታቸው፤ መበደላቸውን ግን አልተጠራጠሩም።

በሳምንቱ መሃል አንድ ቀን፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ከወጣ በኋላ፣ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገብተው በቃኝ አሉ። እግራቸውን አሳዩዋት። ኃላፊዋም፣ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት፣ ደነገጠች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲቆዩላት ለመነች። እሳቸውም ቆዩላት። የመጨረሻው ቀን ካፖርቱን አጣጥፈው፣ ጫማውን ደግሞ በጥላቻ እያዩ መለሱ። ሻማ ሠሪዋ አለቀሰች፤ ብረት ቀጥቃጩ ራሱ የሠራውን ሚስማር ሰጣቸው።

«ሌላ የምናደርግልዎ ነገር አለ ጋሼ?» አለች ኃላፊዋ።

«የትምህርት ቤቷን ቁልፍ ቅዳሜ ቅዳሜ አትንፈጊኝ።»

«ቅዳሜ እኮ ዝግ ናት!»

«ለዚህ እኮ ነው ቁልፍ የምለምንሽ፣ ልጄ።»

ይህን ሲሰሙ ባለቤታቸው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ሥራውን ትተህ ቅጣቱን ያዝከው? ልጅቷ ነች የተቀጣችው ወይስ አንተ?» አሉ። ቅዳሜ ሲደርስ ባለቤታቸው ራሳቸው ሹራቡን አቀበሏቸው፤ ዝናብ ስለነበር።

ትምህርት ቤቷ ውስጥ እርጥብ እንጨት ይሸታል። ጋሽ ጠመኔ ምንም ሳይጠብቁ ነበር የተቀመጡት፤ መጠበቅ ራሱ ደክሟቸዋል። ሰሌዳው ላይ አራቱ ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ ናቸው። በሩ ሲንኳኳ ያ የሽንት ቤቱ ሰውዬ መሰላቸው።

«መምህሩ የሉም?» አለች ያቺው ልጅ፤ ግማሽ አካሏ ውጪ፣ ግማሹ ውስጥ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ሹራባቸውን፣ ሰዓታቸውን፣ ሰፊውን ሸራ ጫማቸውን። «ካፖርቱስ?»

«መለስኩት። እሱ የጨዋታ ነበር።»

ሹሩባዋ ውኃ ያንጠባጥባል። ቀልድ ልትጀምር አፏን ከፈተችና ተወችው። «ለማንም አልነገሩም?» አለች።

«ለባለቤቴ ብቻ» አሉ ጋሽ ጠመኔ፤ መዋሸት አልሆነላቸውም። «ለቲቸርሽ ልነግራት ነበር። አፌ አልታዘዘልኝም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ በአውቶቡሱ መስኮት አይታቸው ነበር። «እኔም ነገርኩ» አለች ቀስ ብላ። «ለእማዬ። ትላንት። በር ላይ ጥላ ይዛ ቆማለች፤ ግቢ ስላት፣ አንቺ መጀመሪያ ግቢ፣ ብቻሽን ነው ያሉሽ አለችኝ።»

ልጅቷ መልስ ሳትጠብቅ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው በቀጥታ ወደ ጥጉ ሄዳ የሰነፍ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነበር።

«ተዪው፣ ተዪው እሱን!» አሉ ጋሽ ጠመኔ። «እሱ የእኔ ነው። ጉልበቴ አግዳሚው ውስጥ አይገባልኝም።» በርጩማውን ከጥጉ ጎትተው አመጡና ሰሌዳው ፊት አኖሩት፤ እሷን የፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀምጠው እሳቸው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። በርጩማው እንደ እሳቸው እግር ተንቋቋ።

«በይ እንግዲህ፣ የመጀመሪያዋን ቃል» አሉ።

ልጅቷ አፋቸውን አየች። ጋሽ ጠመኔም ከንፈራቸው በልማዱ ሊንቀሳቀስ ሲል ታወቃቸውና እጃቸውን አንስተው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

ልጅቷ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ከዚያ ገባትና ሳቀች፣ ክፍል በሌለበት፣ ለራሷ ብቻ። ሳቋ ሲያልቅ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጋሽ ጠመኔ እጃቸውን ከአፋቸው ሳያወርዱ ጠበቁ፤ ዛሬ የሚያስቸኩላቸው እግር አልነበራቸውም።